የአይጠየቅ ኪስ

ደመወዝ በገባ ማግስት ጸሐይወርቅና አባይነህ በሩን ዘግተው ግድግዳው ፊት ይቀመጣሉ። ግድግዳው ላይ ብዙ ኪስ ያለው ጨርቅ ተንጠልጥሏል። ጸሐይወርቅ ንፋስ ስልክ ካለ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ናት፤ ጨርቁንም የሰፋችው ውድቅ ተብሎ ለሠራተኛ በቅናሽ ከተሸጠ አቡጀዲ ነው። አንዱ ኪስ የጤፍ ነው፤ አንዱ የኪራይና የመብራት፤ አንዱ የላምባ፤ አንዱ የዕድር፤ አንዱ የልጃቸው የሣራ ደብተርና ጫማ። በየኪሱ ላይ በቀለም ክር ምልክት ጠልፋበታለች፤ ጤፉ ላይ እሸት፣ ላምባው ላይ ኩራዝ፣ ዕድሩ ላይ ድንኳን። ድንኳኑ ጠመም ብሏል፤ ባየችው ቁጥር ይከነክናታል።

ከሁሉም በታች ምልክት የሌላቸው፣ በቁልፍ የሚዘጉ ሁለት ኪሶች አሉ። አንዱ የእሱ፣ አንዱ የእሷ ነው። ስማቸው አይጠየቅ ይባላል።

እነዚህ ሁለት ኪሶች ሳይሰፉ በፊት ወሩ ሳይጋመስ ቤቱ ውስጥ ጠብ ይገባ ነበር። ይህች ሻሽ በስንት ተገዛች፣ ያ ቢራ የተጠጣው ከምን ተነሥቶ ነው፣ እየተባለ። አንድ ቀን ስለ አንድ ፓኮ ሲጋራ ሲጯጯሁ ሣራ አልጋ ሥር ገብታ ጆሮዋን ይዛ ተገኘች። በማግስቱ ጸሐይወርቅ መርፌና ክር አነሣች። ከዚያ ወዲህ በየወሩ ለእያንዳንዳቸው አሥር ብር በየኪሳቸው ይገባል። ምን ላይ እንደዋለ ጠያቂም መላሽም የለም። ከጋራው ኪስ ግን ስሙኒ ብትጎድል ይጠየቃል። በዚህ ደንብ ሦስት ዓመት ያለ ጠብ ኖሩ።

ጸሐይወርቅ የራሷን አሥር ብር ምን ላይ እንደምታውለው ነፍሷ ታውቃለች። ቅዳሜ ከሰዓት ሣራ ቀበሌው አዳራሽ ከሕፃናት ኪነት ጋር መዝሙር ስትለማመድ፣ እሷ ውይይት ታክሲ ተሳፍራ ሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ ወዳለ ኬክ ቤት ትሄዳለች። ጥግ ይዛ፣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ፣ ክሬም ያለበት ኬክ በሹካ ትበላለች። ለማንም ሳታካፍል። ለልጇም ሳታካፍል። በዚያ ዘመን ስኳር በቀበሌ ኩፖን ይታደል ነበርና የዚያ ክሬም ጣፋጭነት እስከ ሌላው ቅዳሜ ምላሷ ላይ ይቆያል።

አባይነህ የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ፋይል ላይ ጎንበስ ብሎ የሚውል፣ ትከሻው ወደ ፊት የታጠፈ ሰው። የእሱ አሥር ብር የት እንደምትደርስ ጸሐይወርቅ አታውቅም ነበር፤ ማወቅም አልፈለገችም። በደህና ጊዜ።

ነገሩ የጀመረው ከሱሪው ነው።

የጸሐይወርቅ ሥራ ጨርቅ በበራ መስታወት ላይ እየሳቡ የላላ ድርና የዘለለ ማግ መፈለግ ነው። ዓይኗ ከሥራ ስትወጣ ሥራ አያቆምም። ኅዳር ላይ የአባይነህን ሱሪ ስታጥብ የሚያልቅበት ቦታ ግራ አጋባት። ወንበር ላይ የሚውል ሰው ሱሪ የሚያልቀው ከመቀመጫው ነው። የእሱ ግን መቀመጫው ደህና ሆኖ ከውስጥ በኩል፣ ከጭኑ እስከ ጉልበቱ፣ ተፍቆ አብለጭልጯል። ወደ ብርሃን አንሥታ አየችው። ማጉ ሊበጠስ ምንም አልቀረውም። ምን ዓይነት ሥራ ነው ሱሪን ከዚህ በኩል የሚጨርሰው?

ቀጥሎ ስኳሩ ጎደለ። የሦስት ሰው ስኳር ከቀበሌ ሱቅ ሲመጣ ጣሳ ውስጥ አድርጋ የምትሰፍረው እሷ ናት፤ አንድ ማንኪያ ለሣራ፣ ግማሽ ለእሱ፣ ለእሷ ምንም። ቅዳሜ ጠዋት የተደለደለው ስኳር ቅዳሜ ማታ መሀሉ ይጎደጉዳል። ሣራን ጠየቀቻት፤ ልጅቷ ማለች። ጸሐይወርቅ የሰው መሐላ ሳይሆን ምላስ ታምናለችና ምላሷን አስወጥታ አየቻት። ልጅቷ ንጹሕ ናት።

አባይነህ ቅዳሜ ከሰዓት ይወጣል፤ ሳይመሽ ይመለሳል። ሲመለስ ውጪ ቧንቧው ሥር እጁንና ፊቱን እስከ አንገቱ በሳሙና ይታጠባል። ሳሙናውም የጋራ ነው። መጠጥ መጠጥ አይሸትም። ይልቅ ፊቱ ይፈካል፤ ሲቀመጥ ግን ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ነው የሚቀመጠው።

“ምን ሆነሃል?” አለችው አንድ ጊዜ።

“ምን ሆንኩ?”

“አቀማመጥህ።”

“ዕድሜ ነው፤ እርጅና መጣ መሰለኝ” አለና ሣቀ። የሚያረጅ ሰው እንዲህ አይስቅም።

ጥር ሲገባ የመጨረሻውን አገኘች። ኮቱን ልትቦርሽ ስታነሣው እጅጌው ላይ አንድ ፀጉር ተጣብቋል። ረጅም ነው። ቀይ ነው። መስኮቱ ጋ ወስዳ በሁለት ጣቷ ዘረጋችው። ጥጥ አይደለም፤ ሱፍም አይደለም። የሷ ፀጉር ጥቁርና አጭር ነው። ይህ ሂና የገባበት ፀጉር ነው፣ ብላ ደመደመች። ባዶ የክብሪት ቀፎ ውስጥ አስገብታ ከመደርደሪያው በላይ፣ እሱ በማያይበት ቦታ ደበቀችው።

በዚያ ሳምንት የሰፈሯን የመካኒሳን ሴቶች ጭንቅላት አይታ ጨረሰች። ሂና የምትቀባ ግን በሰፈሩ የምታውቃት አንዲት ሴት ብቻ ናት፤ ባለ ሱቋ ሙፊዳ። ጸሐይወርቅ ሻማ ልትገዛ ገባች። ሙፊዳ ሻማውን ስትጠቀልል ከሻሿ ሥር ያፈተለከውን ፀጉር አተኩራ አየችው።

ሙፊዳ ሻሿን ሳብ አደረገች። “ምነው እህቴ፣ ጭንቅላቴ ላይ ምን ጠፋብሽ?”

“ሂናሽ አምሮብሽ ነው። የት ነው የምትገዢው?”

“መርካቶ ነዋ። ላንቺ ግን አይሆንሽም።”

“ለምን አይሆነኝም?”

“ሂና ቁጭ ብሎ መጠበቅ ይፈልጋል። አንቺ እንኳን ሂና፣ ሻማም እስኪጠቀለል አልጠበቅሽም፤ በዓይንሽ ልትበይኝ ነው እኮ!”

ሙፊዳ ከት ብላ ሣቀች። የሙፊዳ ፀጉር ስስና ጥቅልል ነው። ቀፎው ውስጥ ያለው ወፍራምና ቀጥ ያለ ነው። አንድ ድር አይደለም። ጸሐይወርቅ ሻማዋን ይዛ ወጣች፤ ቀለል ይለኛል ብላ ያሰበችው ነገር ይበልጥ ከበዳት። የምታውቃት ሴት ብትሆን ይሻል ነበር።

ስህተቷን የሠራችው በቀበሌው ሱቅ ሰልፍ ላይ ነው። ከፊቷ የቆሙት እትዬ ማሚቴ ናቸው፤ ጎረቤቷ፣ በዚያ ላይ የቀበሌው ሴቶች ማኅበር ኮሚቴ አባል። እትዬ ማሚቴ የሰው ጣሳ ማየት ይወዳሉ።

“አልቆብሽ ነው? ሦስት ነፍስ ሆናችሁ?” አሉ፣ የጣሳዋን ክዳን በጣታቸው ከፈት አድርገው።

“አባይነህ እኮ ነው፣ እትዬ” አለች ጸሐይወርቅ። ሳምንቱን ሙሉ የታፈነ ነገር በዚያች ስንጥቅ ወጣ። “ቅዳሜ ቅዳሜ ጠቅልሎ ይዞ ይወጣል መሰለኝ።”

“ስኳሩን? ወዴት?”

“ወዴት እንደሆነማ ባውቅ።”

እትዬ ማሚቴ ምንም አላሉም። ያኔ ነበር መደንገጥ። እትዬ ማሚቴ ወሬ ሰምተው ሳይጨምሩበት የሚያልፉ ሴት አይደሉም።

ሐሙስ ዕለት ጸሐይወርቅ ቀበሌ ተጠራች። የጠሯት ጓድ ነጋ ናቸው፤ የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ኃላፊ። አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጠዋል። እሷን የሚያስቀምጡበት ወንበር ግን አልነበረም።

“ጓዲት ጸሐይወርቅ፣ ባለቤትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የሚሄደው?”

“አላውቅም።”

“ከተጋባችሁ ስንት ዓመት ሆናችሁ?”

“አሥራ ሁለት።”

“አሥራ ሁለት ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝተሽ አታውቂም?”

“አንጠያየቅም።”

ነጋ እስክሪብቷቸውን ቀስ ብለው አስቀመጡ። ጸሐይወርቅ የተናገረችው ቃል በዚያ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚመስል የሰማችው ያን ጊዜ ነው።

“የማትጠያየቁት ነገር ምንድን ነው?”

ልታስረዳ ሞከረች። “ከደመወዛችን ላይ በየወሩ አሥር አሥር ብር እንይዛለን …”

“ለማን የሚዋጣ?”

“ለማንም አይደለም። ለራሳችን። ለደስታ።”

“መዋጮ ነዋ” አሉ ነጋ። “በየወሩ የሚከፈል፣ ለምን እንደሆነ የማይጠየቅ መዋጮ። እኔ ይህን ዓይነት ነገር ሳይ ይህ የመጀመሪያዬ አይደለም፣ ጓዲት።”

“ኬክ እበላበታለሁ እኮ እኔ!” ልትል አፏ ላይ ደርሶ ነበር። አላለችውም። በዚያ ክፍል ኬክም ሌላ ነገር ሊመስል ይችላል።

“ወደ ለቡ ሲወርድ ታይቷል” አሉ ነጋ። “በዚያ በኩል ጤፍ ኬላ ሳይነካ እንደሚገባ እናውቃለን። ሌላም ሌላም ነገር ሊኖር ይችላል። ሰኞ መልስ ይዘሽልኝ ትመጫለሽ። ያለዚያ እሱን እዚህ አምጥተን ራሱን እንጠይቀዋለን።” ይህን ሲሉ ዓይናቸው በመስኮቱ ከአዳራሹ ጀርባ ወዳለው የቆርቆሮ በር ሄደ። ያን በር የሰፈሩ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ማንም ግን በዚያ በኩል አቋርጦ አያልፍም። “ለሱ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትይ። ይህን ቅዳሜ ከቀረ፣ የነገርሽው አንቺ ነሽ።”

ወደ ቤት ስትመለስ ሴትየዋ፣ ባለ ሂናዋ፣ ከሐሳቧ ጠፍታ ነበር። ምነው ሴት በሆነችልኝ፣ አለች በልቧ። ሱሪው ከውስጥ በኩል የሚያልቀው ጆንያ ታቅፎ ነው? ስኳሩ ለኬላ ጠባቂ ነው? እጁን እንዲያ የሚታጠበው ምን ነክቶ ነው? እራት ላይ አባይነህ እንጀራውን እየቆረሰ ስለ አለቃው ይቀልዳል፤ ሣራ ትስቃለች፤ እሷ የባሏን እጅ ታያለች። በቀኝ መዳፉ ላይ፣ በአመልካች ጣቱና በመሀል ጣቱ መካከል፣ የጠነከረ ቆዳ አለ። እስክሪብቶ እዚያ ቦታ አያቆስልም።

“ምነው ዝም አልሽ?” አላት።

“ድካም ነው።”

መጠየቅ ትችላለች። በሦስት ዓመት አንድ ጊዜ ደንብ ቢፈርስ ሰማይ አይወድቅም። ግን ጠይቃው ቢነግራት፣ ሰኞ ነጋ ፊት ቆማ የምትደብቀው ነገር ይኖራታል። ጠይቃው ቢዋሻት ደግሞ የባሰ ነው። በዓይኔ ማየት አለብኝ፣ አለች።

ቅዳሜ ሣራን ወደ አዳራሹ ሸኝታ ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ሸፈነች። አባይነህ ከጣሳው ስኳር ቆንጥሮ በጋዜጣ ሲጠቀልል በበሩ ስንጥቅ አየችው። ወጣ። ራቅ ብላ ተከተለችው። መካኒሳ አቦን ሲያልፍ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሮ ባርኔጣውን አወለቀ፤ ድልድዩን ተሻገረ፤ ከዚያ ቤት እየሳሳ፣ ማሳና ሣር እየበዛ ሄደ። አዝመራው ታጭዷልና የምትደበቅበት እህል እንኳን አልነበረም። እሱ ግን አንድ ጊዜም ዞር አላለም። ያፏጫል። አሥራ ሁለት ዓመት ሲያፏጭ ሰምታው አታውቅም።

ለቡ ሲደርስ ባሕር ዛፍ የከበበው የሣር ቤት ግቢ ገባ። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ወጣችና እየሣቀች ጨበጠችው፤ እጁን ይዛ ወደ ቤቱ ጀርባ መራችው። ጸሐይወርቅ ከባሕር ዛፉ ኋላ ቆመች። እጇ ድንጋይ ይዟል። መቼ እንዳነሣችው አታውቅም።

ከቤቱ ጀርባ አባይነህ ሲመለስ ብቻውን አልነበረም። ልጓም ይዞ አንድ ቀይ ዳማ ፈረስ ይስባል። ፈረሱ ግንባሩ ላይ ነጭ አለበት፤ ጋማው ቀይ፣ ረጅም፣ ቀጥ ያለ ነው። አባይነህ ጋዜጣውን ፈትቶ ስኳሩን መዳፉ ላይ ዘረገፈ። ፈረሱ ላሰው። ባሏ አንገቱን አቅፎ ጆሮው ውስጥ የሆነ ነገር አንሾካሾከ፤ ኮርቻውን ጫነ፤ እግሩን እርካብ ላይ አድርጎ እንደ ጎረምሳ ዘሎ ወጣ፤ ከግቢው በታች ወዳለው የሣር ጨፌም ነዳው።

“እናቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?” አላት ከኋላዋ አንድ ድምፅ።

ዱላ የያዙ ሽማግሌ ናቸው። “መንገድ ስቼ ነው፣ አባባ” አለች።

“ድንጋይ ይዘሽ ነው መንገድ የምትስቺው?”

ጸሐይወርቅ ድንጋዩን ጣለች። ሽማግሌው ፊቷን አዩ፤ ጨፌው ላይ ያለውን ሰው አዩ፤ ነገሩ ገባቸው። “ሁንዴሳ እባላለሁ። ያቺ ሴትዮ ልጄ ገዲሴ ናት፤ ባሏ እዚያ ማዶ ያርሳል፤ አትፍሪ። ሚስቱ ነሽ?”

“ነኝ። ምንድን ነው የሚያደርገው?”

“እኔም እኮ ይህንኑ ነው የምጠይቀው!” አሉ ሁንዴሳ ሣሩ ላይ እየተቀመጡ። “ሁለት ብር ይሰጠኛል። ፈረሱ ላይ ይወጣል፣ ጨፌውን ይዞራል፣ ይወርዳል። ዕቃ አይጭን፣ ገበያ አይሄድ፣ ለቅሶ አይደርስ። የመጀመሪያ ቀን ሌባ መስሎኝ ዱላ ይዤ ከኋላው ሮጬአለሁ። ደግሞ ስኳር ያበላዋል። ስኳር! የልጅ ልጆቼ ቆመው እያዩ። አሁን ይሄ ፈረስ ሣሩን እያየ ያኮርፋል፤ ቅዳሜን ይጠብቃል።”

ጨፌው ላይ አባይነህ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ገባ። ጸሐይወርቅ ጨርቅ እንደምታይ አየችው። ፋይል ላይ ሲታጠፍ የኖረው ትከሻ ተዘርግቷል። ወገቡ ቀጥ ብሏል። ጭኑ ኮርቻውን ጨብጦታል፤ ሱሪው የሚያልቅበት ቦታ እዚያ ጋ ነው። ልጓሙ በአመልካች ጣቱና በመሀል ጣቱ መካከል ያልፋል። ሁሉም ነገር ቦታውን ያዘ። ከሠርጋቸው በፊት ሰላሌ ወስዶ አባቱን ሲያስተዋውቃት ሰዎቹ ሽማግሌውን በፈረስ ስማቸው አባ ነጎድ እያሉ ሲጠሯቸው ትዝ አላት። በግቢው ግን ፈረስ አልነበረም፤ የተሸጠው ለልጃቸው ትምህርት መሆኑን አንዲት አክስት ነግራት ነበር። አባይነህ ስለዚያ ፈረስ አንድ ቀን አንሥቶ አያውቅም።

“ልጥራው?” አሉ ሁንዴሳ።

“አይጥሩት። እንዳየሁትም አይንገሩት።”

“አንቺም ለሰው አትናገሪ። የገበሬ ማኅበሩ ከሰማ ከብት ያከራያል ብሎ ያስቀጣኛል።”

ወደ መካኒሳ ስትመለስ መጀመሪያ ብቻዋን ሣቀች። ድልድዩ ላይ ስትደርስ ሣቋ ቆመ። ሰኞ ለነጋ ይህን ስትናገር ራሷን ሰማች። ባሌ ፈረስ ይጋልባል። ፈረስ? ምን ጭኖ? ምንም። ሁለት ብር ከፍሎ፣ ምንም ሳይጭን፣ የትም ሳይደርስ? ነጋ ፈረስ ሲባል የሚታያቸው ጭነት ነው፤ ጭነት ሲሆን ደግሞ ጤፍ። ባለፈረሱ ማን ይባላል ይላሉ። ሁንዴሳም አብረው የቆርቆሮው በር ኋላ ይገባሉ። ሥራዋ አንድ ነገር አስተምሯታል፤ ጥሩ ጨርቅም ቢሆን ተቆጣጣሪው ያልለመደው ዓይነት ከሆነ ውድቅ ይባላል። እሁድን ሙሉ ሌላ ጨርቅ ፈለገች፤ ነጋ የለመዱትን።

ሰኞ ቀበሌ ስትደርስ እትዬ ማሚቴም እዚያ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ዛሬ ለእሷም ወንበር ነበረ። አልተቀመጠችም።

“እሺ ጓዲት” አሉ ነጋ፣ “የት ነው የሚሄደው?”

ጸሐይወርቅ የክብሪት ቀፎውን ጠረጴዛው ላይ አደረገች። “ከኮቱ ላይ ያገኘሁት ነው።”

ነጋ ባሩድ እንደሚከፍት ሰው ቀፎውን ከራሳቸው አርቀው ከፈቱት። ፀጉሩን በሁለት ጣት መዘው ወደ መስኮቱ ዘረጉት። “ምንድን ነው ይሄ?”

“ፀጉር ነዋ። በኔ ራስ ላይ እንዲህ ያለ ፀጉር ያያሉ?” አለች። ድምፅዋ እንዳይሰበር ፈርታ ነበር፤ ተሰበረ፤ መሰበሩ ጠቀማት። “ሴት አለችው፣ ጓድ ነጋ። ለቡ ማዶ። አሥሯን ብርም የሚያፈሰው እሷ ጋ ነው። ተከትዬ በዓይኔ አየሁ።”

“ውይ በሞትኩት!” እትዬ ማሚቴ ጭናቸውን መቱ። “ሂና! እኔማ ስኳሩን ስትነግሪኝ ነው የገባኝ! ያቺ ባለ ሱቋ ሙፊዳ እንዳትሆን ብቻ!”

ጸሐይወርቅ ቶሎ አቋረጠቻቸው። “አይደለችም፣ እትዬ። የሰፈራችንም ሰው አይደለችም። ቀይ ናት፤ አንገቷ ረዘም ያለ ነው።”

“ታምራለች?” አሉ እትዬ ማሚቴ ጎንበስ ብለው።

ጸሐይወርቅ ትንሽ አሰበች። “ታምራለች” አለች።

የነጋ ፊት ተለወጠ። ኃላፊው ሄደና ወንድ ብቻ ቀረ፤ ከንፈራቸው ሥር ፈገግታ መጣ፤ እስክሪብቷቸውን ከደኑ። “ስሟስ?”

“ስሟን ባውቅ እዚህ ፀጉሯን ይዤ እመጣለሁ?”

“በይ፣ ይሄ የግል ጉዳይ ነው። አብዮቱ እዚህ ውስጥ አይገባም። ሽማግሌ ላኪበት” አሉና ፀጉሩን ወደ ቀፎው መልሰው ሰጧት። ስትወጣ ከኋላዋ ሁለቱ ሲንሾካሾኩ ሰማች። ነጋ ይስቃሉ።

ወሬው ከሷ ቀድሞ ሰፈር ገባ። በሰልፍ ላይ ሴቶች “እለፊ፣ እለፊ፣ አንቺስ” እያሉ ያስቀድሟት ጀመር። ሙፊዳ የሻማ ዋጋ አልቀበልም አለቻት፤ ያ የሱቁ አተያይ አሁን ገብቷት ነበርና። “እኔን ነበር የጠረጠርሽው፣ አይደል? ምስኪን!” ጸሐይወርቅ ሁሉን ተቀበለች። ከሠርጓ ጀምሮ በሰፈሩ “የአባይነህ ሚስት የምትከበር ናት” ሲባልላት የኖረው ስም በሁለት ቀን ወደ ከንፈር መምጠጫ ተለወጠ።

ረቡዕ አባይነህ ከወትሮው ቀድሞ መጣ። ፊቱ አመድ መስሏል። ሣራን ውጪ እንድትጫወት ላካት።

“ዛሬ ፀጉር አስተካካዩ ጋ ነጋ ትከሻዬን መቶ ‘ወንድ ነህ!’ አለኝ። ሰዉ ሁሉ ሣቀ። ምን እንደሚወራ ሰምተሻል?”

“ሰምቻለሁ።”

“ያወራሽው አንቺ ነሽ ይላሉ።”

“እኔ ነኝ።”

ቆሞ አያት። “ሴት የለችኝም፣ ጸሐይ። በልጄ እምልልሻለሁ። አሁኑኑ ሄጄ ለነጋ እውነቱን እነግረዋለሁ።”

“እኔ እውነቱ ምንድን ነው ብዬ አልጠይቅህም” አለች ጸሐይወርቅ። “እሱ ግን ይጠይቅሃል። ፈረሱ ምን ይጭናል ይልሃል።”

አባይነህ በሩ ላይ እጁን እንዳደረገ ቀረ።

“ባዶውን ነው ትለዋለህ። ገንዘብ ከፍዬ፣ ባዶ ፈረስ ለቡ ጨፌ ላይ አዞራለሁ ትለዋለህ። ከዚያ ያ ሽማግሌ ይጠራል። ነጋ ባለፈው ሐሙስ ጠርቶኝ ነበር፤ እስከ ሰኞ ቀን ሰጠኝ፤ እሱም ጤፍ ይፈልጋል፣ መዋጮ ይፈልጋል። ያገኘው ሴት ነው። ሴቷን አምኗል፤ ፋይሉን ዘግቶታል። አንተ እንዳትከፍተው።”

አባይነህ ቀስ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ተቀመጠ። “አይተሽኛል” አለ።

“ብቻ እንዳትወድቅ። የወጌሻ ኪስ የለንም።”

እሱ አልሣቀም። “አንቺስ? ሰፈሩ ሁሉ አንቺን …”

“እሱ ከኔ ኪስ ነው የወጣው” አለች። “አይጠየቅም።” ከዚያ ድምፅዋ ጠንከር አለ። “ስኳሩ ግን የጋራ ነው። ስኳሩ ይጠየቃል።”

“ከኔ ድርሻ፣ ከግማሿ ማንኪያ ይቀነስ” አለ አባይነህ፣ እንደ ተከሳሽ።

ዓርብ ዕለት ሱሪውን አውጥታ ከውስጥ በኩል፣ ከጭኑ እስከ ጉልበቱ፣ ጠንካራ የካኪ እራፊ ደርባ ሰፋችበት። ስፌቱን ሁለት ጊዜ ሄደችበት። ቅዳሜ ሲለብሰው እጁ ጨርቁ ላይ ትንሽ ቆየ። መቅረት ደግሞ አይቻልም፤ በድንገት ቢቀር ነጋ ይጠረጥራሉ። ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ጸሐይወርቅ የኬክ ቤቷን ሳንቲም ቋጥራ፣ ሣራን ሸኝታ፣ ነጠላዋን ስታነሣ በሩ ተንኳኳ። እትዬ ማሚቴ ናቸው፤ ሌላ ሴት አስከትለዋል፤ ዳንቴላቸውንም ይዘዋል።

“እሱ እዚያ ሲሄድ አንቺ ብቻሽን ቁጭ ብለሽ እንድትብሰከሰኪ? አናደርገውም! ከእንግዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ እኛ እዚህ ነን” አሉ፣ እየተቀመጡ። ዓይናቸው ግድግዳው ላይ በተንጠለጠለው ጨርቅ ተንሸራቶ ታችኞቹ ሁለት ኪሶች ላይ ቆመ። “እነዚያ ምልክት የላቸውም?”

“ገና አልጠለፍኩባቸውም” አለች ጸሐይወርቅ፣ ጀርባዋን ለኪሶቹ ሰጥታ።

ነጠላዋን መልሳ አጠፈች። ሜክሲኮ ያለው ክሬም፣ ጥግ ላይ ያለው ወንበር፣ ሹካው፣ ሁሉም ፊቷ ላይ መጥቶ ሄደ። ስንት ቅዳሜ ይቆዩ ይሆን? እትዬ ማሚቴ ሰው ማጽናናት ሲጀምሩ ቶሎ የሚሰለቹ ሴት አይደሉም።

“ዛሬም ሄደ?”

“ሄደ።”

“እንዴት አንጀትሽ ቻለው? ያቺ ቀዪቱ አሁን አቅፋው ይሆናል እኮ!”

ጸሐይወርቅ ፈረሱን በሐሳቧ አየች፤ መዳፍ ሲልስ፣ ጆሮው ውስጥ ሲንሾካሾክለት። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ጎንበስ አለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። እትዬ ማሚቴ ጀርባዋን መታ መታ አደረጉላት። “አልቅሺ፣ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ” አሉ፤ ከብብታቸው ሥርም በጨርቅ የተቋጠረ ነገር አውጥተው ጭኗ ላይ አኖሩላት። “ከኔ ድርሻ ነው። ሻይሽን እንኳን አጣፍጠሽ ጠጪ፤ ያ አረመኔ ቤትሽን ባዶ አድርጎታል።”

ስኳር ነበር። ከሁለት ቅዳሜ የሚያልፍ ስኳር።

ሴቶቹ ሲሄዱ ጸሐይወርቅ ቋጠሮውን ፈትታ አንድ ማንኪያ ለሣራ ለየች። ቀሪውን በጋዜጣ ጠቅልላ፣ በታችኛው ረድፍ ካለው የአባይነህ ኪስ ውስጥ ከተተችው፤ ቁልፉንም ቆለፈች።